ጉሎ ተፈላጊ ነው ሲሏችሁ፦ ከመዝራታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ



ዛሬ የቡና ፈረሱላም የቦሎቄ ኩንታልም ዋጋ አልለጥፍም፣ እሱ ነገ ጠዋት በሰዓቱ ይመጣል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጉሎ ነው። አዎ፣ ያ አጥር ስር የሚበቅለው፣ ማንም ሳይተክለው የሚረዝመው፣ በኦሮምኛ ቆቦ የምንለው ጉሎ።

ባለፉት ሁለት ወራት ስለ ጉሎ ብቻ 11 ስልክ ተደውሎልኛል። ሦስቱ ከአዲስ አበባ ናቸው፣ ሌሎቹ ከሚኤሶ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጉሎ ስንት ገባ?» እኔም «ዋጋ የለውም» ስል የደበቅኩ ይመስላቸዋል። ደላላ «ዋጋ የለም» ካለ ለራሱ ሊገዛ ነው ብሎ ማሰብ ያለ ነው፣ አልፈርድም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ነገሩ እንዴት መጣ

በመጋቢት መጀመሪያ ላይ በሚኤሶ በኩል ካለ አንድ መሰረታዊ ማህበር ሦስት ሰዎች ጭሮ ድረስ መጡ። ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና አንድ ሽማግሌ። ቢሮ የለኝም፣ የምሰራው መጋዘን በር ላይ ነው፤ ሻይ አዘን ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ስልኩን አውጥቶ አንድ መልእክት አሳየኝ። የጸጉርና የቆዳ ቅባት አመርታለሁ ከሚል አዲስ አበባ ያለ ድርጅት የተላከ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ስሙም ለውጥ አያመጣም፤ ነገ በሌላ ስም ለእናንተም ይደወላል።

መልእክቱ ባጭሩ እንዲህ ይላል። 40 ሄክታር ጉሎ ዝሩልን፣ ያመረታችሁትን በሙሉ እንወስዳለን፣ ዘይቱ ለውጭ ገበያ ነው። ዋጋውስ? «በወቅቱ በሚኖረው ገበያ»። ቅድሚያ ክፍያ? ዝም። ዘር? «ከአካባቢያችሁ ሰብስቡ»።

ከእኔ የፈለጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውየው እውነተኛ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ መሀል ገብቼ አስማማለሁ ወይ? ሁለተኛው ኮሚሽን አለው። በኩንታል የሚታሰብ ኮሚሽን ከአንድ ተሳቢ ጭነት ላይ ሲሰበሰብ ለእኔ ቤት ቀላል ብር አይደለም። ይሄን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ከዚህ በታች የምለውን ስትመዝኑ እንዲታወቅ ነው።

40 ሄክታሩ ደግሞ ጦም ያደረ መሬት አልነበረም። ማሽላ የሚዘራበት ነው። ማሽላ ለእኛ አገር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እህሉ ለቤት፣ አገዳው ለበሬው፣ የተረፈው ለማገዶ። ሽማግሌው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጉሎው ካልተሸጠ እንበላዋለን?» አሉኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

ጉሎ እውነት ይፈለጋል?

ይፈለጋል። ውሸት አይደለም። የጉሎ ፍሬ ከክብደቱ ከ45 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው። ዘይቱ ከሌሎቹ የሚለየው ሪሲኖሌይክ በሚባለው አሲዱ ነው፤ ከዘይቱ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው። ኑግም ሰሊጥም ሱፍም ይሄ የላቸውም። በዚህ ምክንያት ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ቆዳ ላይ ይቆያል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ በአልኮል ይሟሟል። የከንፈር ቀለም የሚያብረቀርቀው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ሳሙናና የጸጉር ቅባት ውስጥ አለ። አዲስ አበባ የኮስሞቲክስ ሱቅ ብትገቡ በትንሽ ጠርሙስ «ካስተር ኦይል» ተብሎ ተደርድሯል፤ ያ ጉሎ ነው። ፍሬው ሳይቆላ በቅዝቃዜ ሲጨመቅ ነጣ ያለ ይወጣል። ተቆልቶ ሲወጣ ደግሞ ይጠቁራል፤ ጃማይካዎች ጥቁሩን በዓለም ላይ አስጠርተውታል። እናቶቻችን ምጣድ ያሰሱበት ጉሎም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከቅባት ውጭ ደግሞ ትልቁ ገበያ ኢንዱስትሪው ነው። ሹፌሮች የምታውቁት ካስትሮል የሚለው የሞተር ዘይት ስም ራሱ ካስተር ከሚለው የጉሎ ስም የወጣ ነው። የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ቱቦ የሚሰራበት አንዱ የናይለን ዓይነት ከጉሎ ዘይት ይመረታል። ቀለም፣ ግሪስ፣ ፕላስቲክ፣ መድኃኒት ውስጥ ይገባል።

ተክሉም ባዳ አይደለም። የጉሎ አገሩ የእኛው ምስራቅ አፍሪካ እንደሆነ የእጽዋት ሰዎች ይስማማሉ። ድርቅ ይችላል፣ አባሮና ሂሩይ የሚባሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችም አገር ውስጥ ወጥተዋል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ መወሰን ከጀመረ ጀምሮ ደግሞ ዶላር ያመጣል የተባለ ነገር ሁሉ ፈላጊ አለው። ስልኩ የበዛው ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ይፈለጋል። ግን የሚፈለግ ነገር ሁሉ ዋጋ አለው ማለት አይደለም። ዋጋ አለ የምለው ሁለትና ሦስት ገዢ አንድ እቃ ላይ ሲሻማ ነው። ገለምሶ ላይ ቡና ይዤ ብቆም አንዱ ቢያወርድብኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ጉሎ ይዤ ብቆምስ? ያ የደወለልኝ ሰው ካልመጣ ማታ ወደ ቤት ይዤው ነው የምገባው።

ዋጋው የሚቆረጠው የት ነው?

ጉጃራት። ሕንድ ውስጥ ያለ ክልል ነው። ከዓለም የጉሎ ዘይት ንግድ ከ80 በመቶ በላይ የሚወጣው ከሕንድ ነው፣ የሕንዱ አብዛኛው ደግሞ ከዚያ ክልል። እዚያ ገበሬው በሐምሌና በነሐሴ ይዘራል፣ ምርቱ ከታኅሣሥ ወዲያ ይገባል፣ መጭመቂያው በር ላይ ነው፣ ወደቡ ቅርብ ነው። የሚልኩትም በአብዛኛው ፍሬውን ሳይሆን ዘይቱን ነው። ዋነኞቹ ገዢዎች ቻይና፣ አውሮፓና አሜሪካ ናቸው።

ያ ገበያ ራሱ ደግሞ የተረጋጋ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ዋጋው ሲወድቅ ነጋዴዎች መክፈል አቅቷቸው የሕንዱ የግብርና ምርት ገበያ የጉሎን የወደፊት ግብይት ጭራሹኑ አቁሞት ነበር፤ እንደገና የተከፈተው በዓመቱ ነው። ትልቁ የዓለም ገበያ እንዲህ ከሆነ «በወቅቱ በሚኖረው ገበያ» የሚለው ቃል ሚኤሶ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የጉጃራት ዝናብ ጥሩ ከሆነ የእኛ ገዢ ስልክ ይጠፋል ማለት ነው።

እስቲ እናስላው

ዲፕሎማዬን ስማር አንድ መምህር «ቁጥር ያልገባበት ተስፋ ወሬ ነው» ይሉን ነበር። ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከሊቀመንበሩ ጋር ያሰላነውን ልጻፍላችሁ። የምርት ግምቱ የእኔ ነው፣ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ቀይሩት።

በደህና ዝናብ ከሄክታር 10 ኩንታል ተገኘ እንበል። 40 ሄክታር 400 ኩንታል ይሰጣል። አንድ ተሳቢ መኪና ሙሉ ማለት ነው። በትንሽ መጭመቂያ ሁሉም ዘይት አይወጣም፣ ስለዚህ ከ1 ኩንታል 33 ኪሎ እንያዝ። ይህ ወደ 34 ሊትር ነው። በ100 ሚሊ ጠርሙስ ቢሞላ 340 ጠርሙስ። 400 ኩንታሉ 136 ሺህ ጠርሙስ ይሆናል።

አሁን ጠይቁ። 136 ሺህ ጠርሙስ የጸጉር ቅባት የሚሸጥ ድርጅት ቢሮው የት ነው? ማን ያውቀዋል? ያንን የሚሸጥ ሰው ዘሩን ከአጥር ሰብስቡ ይላል?

«ለጠርሙስ ሳይሆን በጅምላ ለውጭ ነው» ይባላል። እሺ። 400 ኩንታሉ ሲጨመቅ 13 ቶን ገደማ ዘይት ነው። በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ የሚዘረጋው ትልቁ የፈሳሽ ከረጢት ከ20 ቶን በላይ ይይዛል። የ40 ሄክታር ማሽላ ተሰውቶ አንድ ኮንቴይነር አይሞላም። ለቅባቱ ገበያ ብዙ ነው፣ ለኢንዱስትሪው ገበያ ትንሽ ነው። መሀል ላይ ያለ ጭነት ደግሞ ሁልጊዜ ለደላላ እንኳን አስቸጋሪ ነው።

ሌላም አለ። ከ100 ኪሎ 33 ኪሎ ዘይት ብቻ ከወጣ የዘይቱ ኪሎ ቢያንስ የፍሬውን ኪሎ ዋጋ ሦስት እጥፍ ካላወጣ የፍሬውን ብር አይመልስም። መጭመቂያው፣ መብራቱ፣ ማጣሪያው፣ ጠርሙሱ፣ ትራንስፖርቱ ገና አልተቆጠረም። የሕንዱ ዘይት አዲስ አበባ በጀሪካን የሚገባበትን ዋጋ የምታውቁ አስመጪዎች ይሄን ሂሳብ ከእኔ በተሻለ ትጨርሱታላችሁ።

ፋጉሎው

ይሄ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ነው፣ ስለዚህ በጥሞና።

ጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የሚባል መርዝ አለ። ብርቱ መርዝ ነው፤ ጥቂት ፍሬ ያኘከ ህጻን ሊሞት ይችላል። መርዙ በዘይት አይሟሟም፣ ስለዚህ በደንብ የተጣራው ዘይት ቆዳ ላይ ይቀባል፣ ችግር የለውም። መርዙ የሚቀረው ፋጉሎው ውስጥ ነው። ባሰላነው መሰረት ከ400 ኩንታል ውስጥ 268 ኩንታሉ ፋጉሎ ነው።

የእኛ አገር ደግሞ የሰንጋ አገር ነው። የሐረር ሰንጋ ስሙ የተጠራው በእጅ እየጎረሰ፣ ቤት ታስሮ ስለሚደልብ ነው። የኑግ ፋጉሎ ያላየ የሚያደልብ ሰው የለም። አንድ መጭመቂያ ጠዋት ጉሎ፣ ከሰዓት ኑግ ቢጨምቅ፣ ወይም ጆንያው ቢቀያየር፣ ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበት ሰንጋ በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ሕንዶቹ የጉሎን ፋጉሎ በአብዛኛው ለማዳበሪያነት ነው የሚሸጡት። እኛ ጋ ለማዳበሪያ ብሎ የሚገዛው ማነው? ያ ድርጅት በመልእክቱ ስለ ፋጉሎ አንድ ቃል አልጻፈም። እኔ ጠየቅኩት፣ «እሱ ለእናንተ ይቀራል፣ ለከብት ይሆናል» አለኝ። ስልኩን የዘጋሁት በዚህች መልስ ነው። ስለ ጉሎ የሚያውቅ ሰው ይሄን አይልም።

ለላኪዎች ደግሞ አንድ ነገር። የአውሮፓ ህብረት የመኖ ሕግ የጉሎ ፍሬና ቅርፊት በመኖ ውስጥ ከ10 ሚሊ ግራም በኪሎ እንዳያልፍ ይላል። በአንድ ቶን 10 ግራም ማለት ነው፤ እፍኝ አይሞላም። ለምግብ እህል የሚገዛ ደግሞ አንዲት ፍሬ ካየ ጭነቱን ይጠራጠራል። ጉሎን ከቦሎቄ፣ ከማሾ፣ ከሰሊጥ ጋር አንድ መጋዘን ማስገባት ማለት የሌላውን ንብረት ማስያዝ ማለት ነው።

ይሄን ከመጽሐፍ አላወቅኩትም

በ2013 እኔም ተሞኝቻለሁ። ያኔ ገና ጎበዝ ነኝ ብዬ የማስብበት ጊዜ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ገዢ ጉሎ ፈለገ፣ እኔ ከሚኤሶ፣ ከአሰቦትና ከሂርና 28 ኩንታል ሰበሰብኩ። አብዛኛውን የለቀሙት እናቶችና ልጆች ናቸው፤ ከአጥር ስር፣ ከመንገድ ዳር፣ በጣሳ በጣሳ። ግማሹን ከፈልኩ፣ ግማሹን «ሲጫን» አልኩ። ሰውየው የመጀመሪያውን 6 ኩንታል ወሰደ፣ በሰዓቱ ከፈለ፣ አመሰገነ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሰራም። እስካሁንም አልሰራም።

22 ኩንታሉ መጋዘኔ ተቀመጠ። እዚያው መጋዘን ውስጥ የአጎቴ ቦሎቄ ነበር። የጉሎው አንድ ጆንያ ስሩ ተቀዶ ኖሮ ማንም ሳያየው ፈሰሰ፣ ልጆቹ ሲጠርጉ ከቦሎቄው ጋር ቀላቀሉት። ቦሎቄው አዳማ ደርሶ ናሙና ሲወጣ ሁለት ጉሎ ተገኘ። ሁለት ፍሬ! ገዢው ሙሉውን መለሰው። ለቀሚ ሴቶች ቀጥሬ ዘጠኝ ቀን አንድ በአንድ አስለቀምኩ። ጉሎውን ያራገፉት ወዛደሮች ደግሞ አይናቸውና አፍንጫቸው ሲቆጣ ሰነበተ፤ የጉሎ አቧራ አለርጂ እንደሚያስነሳ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ያ ሁሉ አልፎ አንዲት እናት ነበሩ። በሚኤሶ መንገድ ላይ ባለፍኩ ቁጥር «ልጄ፣ የጉሎዬስ ነገር?» ይሉኛል። ቁጣ የለባቸውም፣ ዝም ብለው ነው የሚጠይቁት። ሞተሬን ሸጬ የሁሉንም ከፈልኩ። ጉሎውን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ስለዚህ አሁን «ሁሉንም እንወስዳለን» የሚል ሰው ሲደውል መጀመሪያ የሚታየኝ እኚያ እናት ናቸው።

ከእኛ በፊትም ተሞክሯል

ታሪኩ የእኔ ብቻ ቢሆን እድሌ ነው እል ነበር። ግን ጎረቤታችን ምስራቅ ሐረርጌ ትልቁን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2007 አገሪቱ የባዮፊውል ስትራቴጂ ባወጣችበት ዘመን ነዳጅ ከጉሎ ይሰራል ተብሎ ዘመቻ ሆነ። ፍሎራ ኢኮ ፓወር የተባለ የጀርመን ኩባንያ በምስራቅ ሐረርጌ ለጉሎ ሰፊ መሬት ተሰጠው፤ በፈዲስ በኩል ደግሞ ገበሬዎች በውል እንዲዘሩ ተደረገ። በኋላ ሲታይ ለኩባንያው ከተሰጠው መሬት አብዛኛው በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ነበር። ጩኸቱ ተነሳ፣ ፕሮጀክቱም እንደታሰበው ሳይሆን ቀረ። በወላይታም በዚያው ዘመን ጉሎ በውል እርሻ ተሞክሮ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ አካባቢዎች በጉሎ የሚታወቅ ገበያ ሲጠራ ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም።

ሌላ ደግሞ አለ፣ ይሄኛው የራሳችን የሐረር ምድር ተክል ነው። ቬርኖኒያ ይሉታል፣ ለግራዋ ዘመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሮበርት ፐርዱ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በሐረር በኩል አግኝቶ ዘሩን ወሰደ። ዘይቱ ለቀለምና ለፕላስቲክ ተፈላጊ ነው ተባለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ከአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ለ10 ዓመት ስምምነት ተፈራረመ፤ ኢትዮጵያ ከፈቃድ ክፍያም ከሽያጭም ድርሻ እንድታገኝ። በወረቀት ላይ ጥሩ ስምምነት ነበር። እኔ በዚህ ስራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ ግን የቬርኖኒያ ፍሬ ሸጦ ብር የቆጠረ አንድ ገበሬ ጭሮም በዴሳም አላጋጠመኝም።

ይሄን የማነሳው ፈረንጅ ተንኮለኛ ነው ለማለት አይደለም፤ እኔን የሸወደኝ ያገሬ ልጅ ነው። የማነሳው ሁሉም ላይ የተደገመ አንድ ነገር ስላለ ነው። ሁልጊዜ የሚጀመረው ከተክሉ ነው፣ ዘይቱ ስንት ጥቅም እንዳለው። መጭመቂያው የት እንደሚተከል፣ ሁለተኛው ገዢ ማን እንደሆነ፣ ካልተሸጠ ማን እንደሚከስር የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚከስረው ቀድሞ የዘራው ነው።

ምን አልኳቸው

ለማህበሩ ሰዎች እንዲህ አልኳቸው። ማሽላውን አትንኩ። ጉሎ መሞከር ከፈለጋችሁ በድንበርና በአጥር ዳር፣ ሁለት ሦስት ቤት ብቻ፣ በተለየ ዘር። ከአጥር የሚለቀመው ዘር አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፣ በዱላ ሲወቃ ይሰባበራል፣ የተሰበረ ፍሬ ዘይቱ ይኮመጥጣል። ለቆዳ ቅባት የሚገዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ነፃ አሲዱ ከ1 በመቶ በታች የሆነውን ነው። ስለዚህ ለቅባት ገበያ ገና ከአወቃቀቱ እንወድቃለን።

ለገዢው ደግሞ በእነሱ ፊት ደውዬ ሦስት ነገር ጠየቅኩ። በኩንታል ዝቅተኛ ዋጋ በጽሑፍ፣ 30 በመቶ ቅድሚያ በማህበሩ አካውንት፣ ፋጉሎውን ራሱ እንዲያነሳ። «እንነጋገራለን» አለ። የፋጉሎው መልስ የመጣው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

በሳምንቱ ወደ በዴሳ በኩል ሌላ ደላላ እንዳገኘ ሰማሁ። እዚያ ስንት ሄክታር እንደተስማሙ አላውቅም። ኮሚሽኑ እዚያ ሄዷል፣ ይሂድ። ይህን ጽሑፍ ያፈጠነው ግን እሱ ነው። በዚያ በኩል ያላችሁ የዩኒየን ሰዎች፣ እባካችሁ ዝሩ ከመባሉ በፊት ሰዎቹን አነጋግሯቸው።

ሲደወልላችሁ የምትጠይቁት

አንድ፦ ዝቅተኛው ዋጋ ስንት ነው? «በገበያው» መልስ አይደለም። የየትኛው ቀን፣ የየትኛው ከተማ ገበያ?

ሁለት፦ ቅድሚያው ስንት ነው፣ ወደ ማን አካውንት? ወደ ግለሰብ ከሆነ ተዉት።

ሦስት፦ መጭመቂያው የት ነው? ሄደን እንየው። መጭመቂያ ከሌለው እሱም እንደ እኔ ደላላ ነው፣ ደላላ መሆን ነውር የለውም፣ ግን ይናገር።

አራት፦ እርጥበቱ፣ ባዕድ ነገሩ፣ ነፃ አሲዱ ስንት ድረስ ይቀበላል? ይሄን የማያውቅ ገዢ ሲፈልግ «ጥራቱ ወረደ» ብሎ የሚመልስባችሁ ነው።

አምስት፦ ፋጉሎውን ማን ያነሳል? ለከብት ይሆናል ካለ ስልኩን ዝጉ።

ስድስት፦ እናንተ ለራሳችሁ ደግሞ፣ ጉሎው የሚቀመጠው የት ነው? ከምግብ እህል ጋር ከሆነ መልሱ አይሆንም ነው።

ውሉ በቃል አይሁን። የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል፣ ወረዳው ግብርና ጽህፈት ቤትና ህብረት ሥራው ጋ ቀርባችሁ ጠይቁ። ወረቀት ስትሉት የሚሸሽ ገዢ ቀድሞም ገዢ አልነበረም።

ጉሎን አልጠላሁትም። መጭመቂያ ያለው፣ ፋጉሎውን የሚያስወግድበት ያለው፣ ከአንድ ዩኒየን ጋር በትንሹ ጀምሮ በዓመት በዓመት የሚያሳድግ ሰው ቢመጣ ሻዩን እኔ ነኝ የምጋብዘው። ቆላችን ሰፊ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ እንደምታዩት ነው፣ ድርቅ የሚችል ተክል ይጠቅመናል። ግን በማሽላው ላይ አይደለም፣ በአንድ ስልክ ቃልም አይደለም።

በዚህ በኩል ጉሎ በትክክል የሸጣችሁ፣ የተከፈላችሁ፣ ሁለተኛ ዙር የወሰዱላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስህተት ከሆንኩ እዚሁ ላይ አርማለሁ። የተበላባችሁም ካላችሁ ጻፉ፣ ስማችሁን አላወጣም።

ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት የገለምሶና የጭሮ ቡና፣ የማሽላና የቦሎቄ ዋጋ ይለጠፋል። መልካም ገበያ።